የብርታት ዶቃዎች፤ ለታመሙ ልጆች በነበልባል ላይ የሚሠራ ስጦታ

የብርታት ዶቃዎች በከባድ ሕመም የሚታከሙ ልጆች ያለፉበትን እያንዳንዱን የሕክምና እርምጃ በአንድ ዶቃ የሚመዘግቡበት የሆስፒታል ፕሮግራም ነው። ልጁ መርፌ ሲወጋ አንድ ዶቃ፣ ሆስፒታል ሲያድር አንድ ዶቃ፣ ደም ሲሰጠው አንድ ዶቃ ይቀበልና በክር ላይ ይሰካዋል። በየቀኑ የሚታደሉት ትንንሽ ዶቃዎች የፋብሪካ ውጤቶች ናቸው። ለከባዱ ቀን የሚሰጡት ግን ልጁን አይተውት በማያውቁ የእጅ ባለሙያዎች፣ አንድ በአንድ በነበልባል ላይ ተሠርተው በነፃ የተለገሱ የብርጭቆ ዶቃዎች ናቸው።

ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ስሙ ቢድስ ኦፍ ከሬጅ ይባላል። የጀመሩት ጂን ባሩክ የተባሉ የሕፃናት ካንሰር ነርስ ሲሆኑ፣ በጊዜው በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ኮሌጅ የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ። በ2004 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በፊኒክስ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ ላይ ዋለ፤ በኋላም ዋና ጽሕፈት ቤቱን በዚያው በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ ያደረገ በጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ። ዛሬ ከ200 በላይ ሆስፒታሎች ይሠሩበታል። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው። በልጁ ላይ የተደረገው ሁሉ በሕክምና መዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ መዝገቡ ግን የሐኪሙ እንጂ የልጁ አይደለም። የስድስት ዓመት ልጅ ሊያነበው አይችልም፣ ለጓደኛው ሊያሳየውም አይችልም። ዶቃው ያንኑ መዝገብ በልጁ እጅ ያስገባለታል።

ልጁ ሲመዘገብ በመጀመሪያ ጠንካራ ክርና ስሙን የሚጽፍባቸው የፊደል ዶቃዎች ይሰጡታል። ስሙ ከተሰካ በኋላ ታሪኩ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ቀለም የሚወክለው ነገር በሠንጠረዥ ተጽፎ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ነጭ የኬሞቴራፒ ነው። ቢጫ ሆስፒታል ውስጥ ያደረው ሌሊት ነው። ቀይ ደም የተሰጠበት ነው። ቡናማው ጸጉር ሲረግፍ የሚሰጥ ነው። ጥቁሩ መርፌ ነው፤ ደም ለመቅዳት ይሁን መድኃኒት በደም ሥር ለማስገባት ወይም ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የተቀበረውን የመድኃኒት መስጫ ለመክፈት፣ በተወጋ ቁጥር አንድ ጥቁር ዶቃ ይጨመራል። ለምርመራ በተመጣ ቁጥር ደም ስለሚቀዳ ጥቁሩ ቶሎ ይበረክታል።

የጨረር ሕክምናው ዶቃ በተለይ የታሰበበት ነው። ጨረር ሲሰጥ ወላጅም ነርስም ከክፍሉ ይወጣሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ልጁ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ ብቻውን ይተኛል። ለዚህ የሚሰጠው ዶቃ በጨለማ የሚያበራ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ የጨረሮቹ ቁጥር ከክሩ ላይ ተለይቶ ይታያል።

የክሩ ርዝመት የሕክምናውን ርዝመት ተከትሎ ይሄዳል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር ነው። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተደጋጋሚ ኬሞቴራፒ፣ መድኃኒት በአከርካሪ በኩል የሚሰጥባቸው ቀናት፣ ትኩሳት በመጣ ቁጥር ድንገተኛ ክፍል መግባት፣ የነጭ ደም ሴል ሲያንስ ከሰው ተለይቶ መቆየት ይኖራል። ሁሉም ሲደመር የአንድ ልጅ ክር መቶዎችን፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ዶቃዎችን ይይዛል። አንገት ላይ የማይጠለቅ፣ ወለል ላይ ሲዘረጋ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ክር ይሆናል። አዋቂ ሰው «ልጁ ብዙ ተሰቃየ» ይላል፤ ክሩን ያየ ግን ስንት ጊዜ እንደሆነ ያውቃል።

ዶቃ መቁጠሪያ መሆኑ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጸሎቱን የሚቆጥርበት መቁጠሪያ በየቤቱ አለ። እዚህ የሚቆጠረው የልጁ መከራ ነው፤ የሚቆጥረውም ልጁ ራሱ ነው።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ደንብ ዶቃው የጠባይ ሽልማት አለመሆኑ ነው። ጥርሱን ነክሶ የቻለውም፣ እየጮኸ በሦስት ሰው የተያዘውም ለአንዱ መርፌ እኩል አንድ ጥቁር ዶቃ ያገኛሉ። ይህ ትክክል ነው። ለታመመ ልጅ «ካላለቀስክ እሰጥሃለሁ» ማለት በሕመሙ ላይ ሌላ ፈተና መጨመር ነው። የብርታት ዶቃ ግን ሆነብህ፣ አለፍክበት፣ እኛም አይተናል ይላል። ስለዚህም «እንዴት ነህ?» ለሚሉት እንግዶች አንድ ቃል የማይመልስ ልጅ ክሩን አውጥቶ ይህ ቀዶ ሕክምናው፣ ይህ ጸጉሩ ያለቀበት ሳምንት፣ ይህ ደግሞ ልደቱን ሆስፒታል ያከበረበት ሌሊት መሆኑን በጣቱ እየነካ መናገር ይችላል። ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስም ስለጠፋበት ጊዜ የሚያሳየው ነገር አለው። ለሚቀጥለው መርፌም ቢሆን ያለፉት መርፌዎች እጁ ላይ ናቸው።

ዶቃዎቹን የሚሰጡት ነርሶች ወይም ልጆች በሆስፒታል ውስጥ እንዳይጨነቁ በጨዋታና በገለጻ የሚያግዙ ባለሙያዎች ናቸው። አንዳንዱ ዶቃ ሥራው እንዳለቀ እዚያው አልጋው አጠገብ ይሰጣል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ እናት ወይም አባት በማስታወሻ እየያዙ በሳምንት አንዴ ይሰበሰባል። ለቤተሰቡ ምንም ክፍያ የለውም። በካንሰር የጀመረው ፕሮግራም ውሎ አድሮ የልብ ሕመም ላለባቸው፣ በእሳት ለተቃጠሉ፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው በልዩ ክትትል ክፍል ለሚቆዩ ጨቅላዎችና የማያቋርጥ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ሌሎች ልጆችም ተዘርግቷል። ለጨቅላው ክሩን የሚሰኩትና የሚያስቀምጡት ወላጆቹ ናቸው፤ ዶቃ ለሕፃን ጉሮሮ አደገኛ ነው።

በእጅ የተሠራው ዶቃ የሚመጣው በእነዚህ ትንንሽ ዶቃዎች መካከል ነው። ቀዶ ሕክምና ሲደረግ፣ ልጁ የተለየ ነገር ሲሳካለት፣ ወይም ቀኑ በሠንጠረዡ ላይ ስም የሌለው ዓይነት ከባድ ሲሆን፣ ነርሷ በልዩ ልዩ ዶቃዎች የተሞላ ሣጥን ይዛ ትመጣለች። ዓሣ አለ፣ እንቁራሪት አለ፣ አበባ አለ፣ ምንም የማይመስል ግን ውስጡ ሰማያዊና ወርቃማ ጭጋግ የያዘ ክብ አለ። ልጁ የወደደውን ያነሳል። መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚወጋ ሌሎች በሚወስኑበት ቦታ ይህ ምርጫ የእሱ ብቻ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት ዶቃ አይገኝም፤ የሠራቸው ማሽን አይደለምና። ሕክምናውን ለጨረሰ ልጅ የሚሰጠው ደግሞ ሐምራዊ የልብ ቅርጽ ያለው ዶቃ ነው።

የዶቃው አሠራር ጥንታዊ ነው። ባለሙያው የሚጠቀመው እንደ እርሳስ የቀጠነ ባለቀለም የብርጭቆ ዘንግ፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ የጋዝ ነበልባል ማውጫና ቀጭን የማይዝግ ብረት ነው። ብረቱ አስቀድሞ ሸክላ መሳይ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ይህ ካልሆነ ብርጭቆው ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፕሮፔን ጋዝና ኦክስጅን ተቀላቅለው የሚሰጡት ነበልባል ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። የዘንጉ ጫፍ ቀስ ተብሎ ወደ ነበልባሉ ይገባል፤ በችኮላ ከገባ ይፈነዳል። መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ጫፉ ይንጠባጠብና ይከብዳል። በዚህ ጊዜ በግራ እጅ ብረቱ እየተሽከረከረ በቀኝ እጅ የቀለጠው ብርጭቆ እንደ ማር ይጠመጠምበታል። መሽከርከሩ ለአፍታ ከቆመ ብርጭቆው በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዶቃውም ጎባጣ ይሆናል። ጀማሪ የሚለየው በዚህ ነው፤ እጁ ቶሎ ይቆማል።

ብርጭቆ ሲሞቅ ከውስጡ የሚወጣው ሶዲየም ነበልባሉን በደማቅ ብርቱካናማ ብርሃን ይሞላዋል፤ ባዶ ዓይን ሥራውን ማየት አይችልም። ስለዚህ ባለሙያዎች ያንን ብርሃን ብቻ ለይቶ የሚያስቀር ዲዲሚየም የተባለ መነጽር ያደርጋሉ። ከመነጽሩ በስተጀርባ ነበልባሉ ጠፍቶ ዶቃው ብቻ ይታያል።

ዓሣ ሲሠራ ለምሳሌ፣ መጀመሪያ ወፈር ያለ ገላ ይጠመጠምና አንዱ ጫፍ እንዲሾል ይደረጋል። ከዚያ በትንሽ በትንሹ የቀለጠ ብርጭቆ ጭራው ላይ ተጨምሮ ትኩስ ሳለ በወረንጦ ተቆንጥጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ክንፎቹም እንዲሁ። ለዓይን አንድ ነጭ ነጥብ፣ በላዩ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ይቀመጣል። ፈተናው ክንፉ ሲሠራ ጭራው መቀዝቀዙ ነው። የዶቃው አንድ ወገን እጅግ ከቀዘቀዘ ጭራው ተሰንጥቆ ይወድቃል፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ በአንዲት ቅጽበት ያበቃል። ስለዚህ ባለሙያው በየጥቂት ሰኮንዱ ዓሣውን በሙሉ በነበልባሉ ጫፍ ላይ እያሳለፈ ሙቀቱን ይጠብቃል።

ቀለሙም የራሱ ጠባይ አለው። ሰማያዊውን የሚሰጠው ኮባልት፣ አረንጓዴና ውኃ ሰማያዊውን የሚሰጠው መዳብ፣ ውዱን ሮዝ የሚሰጠው ደግሞ ወርቅ ነው። ነጣ ያለ የዝሆን ጥርስ ቀለምና የመዳብ ውኃ ሰማያዊ ሲነካኩ፣ በአንዱ ውስጥ ያለው ድኝ ከሌላው መዳብ ጋር ተዋሕዶ በመካከላቸው ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። ማንም ያልቀባው መስመር ነው። ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ለቅጠልና ለክንፍ ዳር ይጠቀሙበታል። ሁሉም ብርጭቆ ግን ከሁሉም ጋር አይስማማም። ሲሞቁ የሚሰፉበትና ሲቀዘቅዙ የሚጠቡበት መጠን የተለያየ ሁለት ብርጭቆዎች በአንድ ዶቃ ውስጥ ከገቡ፣ ዶቃው ዛሬ ወይም ከወር በኋላ ይሰነጠቃል።

ከነበልባሉ የወጣ ዶቃ አላለቀም፤ ይልቁንም ዋናው ሥራ ገና ነው። ላዩ ቶሎ ቀዝቅዞ ሲጠነክር ውስጡ ገና ትኩስ ስለሆነ በመካከላቸው ውጥረት ይቀራል። ይህን ለማስወገድ ዶቃው ከነብረቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ለዶቃ በብዛት የሚሠራበት ለስላሳ ብርጭቆ በ510 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተይዞ ይቆይና ለሰዓታት ቀስ በቀስ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። በምድጃ ያላለፈ ዶቃ ሲያዩት ምንም አይለይም። ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ሁለት ማጥሪያዎች (ፖላራይዘሮች) መካከል ሲታይ ግን ውጥረት ያለበት ቦታ ብሩህ ሆኖ ይወጣል። ለታመሙ ልጆች የሚላክ ዶቃ በምድጃ ማለፉ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። የኬሞቴራፒ ሕክምና የሚወስድ ልጅ ሰውነት ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙ ዝቅተኛ ነው፤ ክሩ ላይ የተሰበረ ስለታም ብርጭቆ ለእሱ እንደ ማንኛውም ልጅ ቀላል ቁስል አይሆንም።

በማግስቱ ዶቃው ውኃ ውስጥ ተነክሮ ብረቱ በፒንሳ ተይዞ ዶቃው ይጠመዘዝና ይወልቃል። ቀዳዳው ውስጥ የቀረው የሸክላ ዱቄት በአልማዝ ብናኝ በተለበጠ ቀጭን ሞረድ ይፋቃል፤ ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ይህ ሥራ የሚሠራው በውኃ ውስጥ ነው። ከሁሉም አሰልቺው ሥራ ይኸው ነው። ማንም የሚያደንቀው አይደለም፣ ገበያ ላይም ብዙ ሰው አያየውም። ዶቃው ለልጅ ሲሄድ ግን ቀዳዳው ንጹሕ፣ ክሩን የሚያሳልፍ፣ ክሩን የማይቆርጥ ለስላሳ ጠርዝ ያለው መሆን አለበት። ክንፍም፣ ጆሮም፣ ቀንድም ካለው ጫፉ በእሳት ለዝቦ የማይወጋ መሆን ይኖርበታል። ቆንጆ ሆኖ እነዚህን ያላሟላ ዶቃ ልጁ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

በዚህ ሙያ ስሟ የገነነው ከተማ ቬኒስ ናት። የከተማይቱ አስተዳደር እሳት በመፍራት የብርጭቆ ምድጃዎቹን በ1291 ሙራኖ ወደተባለችው ደሴት አዛወረ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ዶቃ ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት ባለቀለም ዘንግ ከፊሉ ከዚያ ይመጣል። የብርጭቆ ዶቃ ጥበብ በጣሊያንና በፈረንሳይ የጋራ ጥያቄ በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ብርጭቆ በንግድ ወደ ኢትዮጵያ ምድር የገባው ግን ከሙራኖ እጅግ ቀደም ብሎ ነው፤ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የብርጭቆ ሥራዎችን ይጠቅሳል። በየአገሩ አያቶች አንገት ላይ የሚታየው ጨሌም የዚሁ ረጅም ንግድ ትሩፋት ነው።

በአሜሪካ በነበልባል ላይ ዶቃ መሥራት የብዙ ሰው ሙያ የሆነው በቅርቡ ነው። የብርጭቆ ዶቃ ሠሪዎች ማኅበር የተመሠረተው በ1993 ሲሆን፣ ኋላ ዓለም አቀፍ ሆኖ ከብርታት ዶቃዎች ፕሮግራም ጋር ተባባሪ ሆነ። ቱሳን በየዓመቱ በየካቲት ወር አካባቢ ታላቁ የከበሩ ድንጋዮችና የዶቃ ገበያ የሚካሄድባት ከተማ መሆኗም ረድቷል፤ ዶቃ ሠሪው ዓለም በዓመት አንዴ እዚያው ይሰበሰባል። በየከተማው ያሉ የሙያው አፍቃሪዎች ደግሞ በአንድ ስቱዲዮ ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ ለልጆች ብቻ የሚሠሩበት ጊዜ አላቸው። ብርጭቆውን፣ ጋዙንና የምድጃውን ኤሌክትሪክ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው። አብዛኛዎቹ ዶቃቸው ማን ዘንድ እንደደረሰ ሳያውቁ ይኖራሉ።

ብርጭቆ ካልሠሩትም መካከል የራሳቸውን ድርሻ ያገኙ አሉ። የአሜሪካ እንጨት ጠራቢዎች ማኅበርና በየአካባቢው ያሉት ቅርንጫፎቹ ልጆቹ ክራቸውን የሚያስቀምጡበት ክዳን ያለው የእንጨት ሙዳይ እየሠሩ ይለግሳሉ። ወደ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ የሕፃን እጅ ክዳኑን በቀላሉ የሚያነሳው ነው። የመጫወቻ ያህል የተሠራ አይደለም፤ ከአንድ ሺህ ዶቃ ክብደት ጋር ሊወድቅ እንደሚችል ታስቦ ወፍራም ተደርጎ ይሠራል። ሌላው መንገድ ዶቃ መሸከም ነው። አንድ ሰው ጥንድ ዶቃ ተቀብሎ ተራራ ሲወጣ፣ ማራቶን ሲሮጥ ወይም ሩቅ አገር ሲሄድ ይዞ ይጓዛል፤ ሲመለስ አንዱን የት እንደዋለ ከሚናገር ማስታወሻ ጋር ለልጅ ይልካል። ለታመመው ልጅ ወንድሞችና እህቶችም የራሳቸው ዶቃ ያለው መርሐ ግብር ተዘጋጅቷል። ይህ ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም ተገቢ ነው፤ እናት ሆስፒታል ስታድር ቤት የቀረው ልጅም ሌሊቱን ቆጥሮታል።

ሁሉም ልጅ ወደ ሐምራዊው ልብ አይደርስም። ልጁ ሲሞት ለቤተሰቡ የቢራቢሮ ዶቃ ይሰጣል፤ በክሩም መጨረሻ ላይ ይሰካል። ክሩ የወላጆቹ ይሆናል። ብዙዎች ቀብሩ ላይ ወይም ቤታቸው ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ልጃቸው የኖረው ኑሮ ምን ያህል እንደነበር ለጠየቀ ሰው የሚያሳዩት አላቸውና።

ዶቃ ካንሰር አይፈውስም፣ የመርፌንም ሕመም አይቀንስም። ማደንዘዣ ቅባትን፣ የሕመም ማስታገሻን፣ ጥሩ ነርስን ሊተካ አይችልም፤ እነዚህ በሌሉበት ዶቃ ብቻ ማደል ልጁን መሸንገል ይሆናል። ሥራው ሕክምናው በአግባቡ በሚሰጥበት ቦታ ሕክምናውን ለልጁ የሚገባ ታሪክ ማድረግ ነው። የፋብሪካው ዶቃ ለቆጠራው ይበቃል። የእጅ ሥራው የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ለቀዶ ሕክምናው የመረጠው ዓሣ አንድ የማያውቀው ሰው በትዕግሥት የተቀመጠለትን ግማሽ ሰዓት ይዟል። ልጆች ይህን ለመረዳት ገለጻ አያስፈልጋቸውም። የትኛው ዶቃ ማን እንደሠራው መጠየቅ የሚጀምሩት ራሳቸው ናቸው።

ፕሮግራሙ በካናዳ፣ በብሪታኒያ፣ በጃፓንና በኒውዚላንድም ይሠራል። ሌሎች አገሮች በዚሁ ሐሳብ የራሳቸው ክር አላቸው፤ በኔዘርላንድስ ካንየርኬቲንግ፣ በጀርመን ሙትፐርለን፣ በስዊድን ሱፐርስኖረት ይባላል። የቀለም ሠንጠረዡ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአንዱ ነጭ የሆነው በሌላው ሌላ ቀለም ነው፤ ስለዚህ ሆስፒታል የቀየረ ልጅ የቀድሞውን ሠንጠረዥ ከክሩ ጋር ማስቀመጥ አለበት። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጃቸው ለረጅም ሕክምና ሲገባ ክፍሉ ፕሮግራሙ እንዳለው ነርሷን መጠየቅ ይችላሉ። ዘግይቶ የጀመረ ልጅም ያለፈውን አያጣም፤ ከመዝገቡ ላይ ተቆጥሮ የቀረው ዶቃ ወደኋላ ሊሰጠው ይችላል።